ይሄዳል ያልኩህ ባቡር

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፦

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ስልክህን ሳላነሳ ከርሜ ዛሬ ሰላምታ ስደረድር ሳያስቅህ አይቀርም። «አኩርፎኝ ነው» ማለትህን ሰምቻለሁ። ወላሂ ኩርፊያ አይደለም፤ እፍረት ነው። የላክልኝን ትንሹን የጓሮ ባቡር በመጀመሪያው ክረምት ገደልኩት።

ሻንጣው የደረሰኝ ግንቦት ላይ ነበር። ልብ ያለው ሰው ክረምቱ እስኪወጣ ይታገሣል። እኔ በሦስት ቀን ከጓሮው አጥር ሥር አፈር ደልድዬ ሐዲዱን ዘረጋሁና ሰፈሩን ሁሉ ሰበሰብኩ። ሐምሌ ገባ። ደሴን ታውቃታለህ፤ ዝናቡ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከጦሳ ተራራ ተንደርድሮ በጎንም ይገባል። ሎኮሞቲቩን «ነገ አነሳዋለሁ» ብዬ ውጭ አሳድሬው፣ ጠዋት ከተናደው አፈር ሥር ቆፍሬ አወጣሁት። ሞተሩ ውሃ ጠጥቷል። ነሐሴ ላይ ደውለህ «ይሄዳል?» ስትለኝ «እንዴታ!» አልኩህ። «እስቲ ፊሽካውን አሰማኝ» አልክ፤ አሰማሁህም። ከዚያ ወዲያ ግን ስልክህ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ጀመር።

ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። አምና ጡረታ ስወጣ አወረድኩትና ፒያሳ አካባቢ ሞተር ለሚጠቀልል ልጅ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ የምን ወፍጮ ነው?» አለኝ። እጁ ይባረክ፤ ጠቅልሎ፣ ዝገቱን አጥቦ፣ ፊሽካውን ሳይቀር አስነሣው። የቀረው ሐዲዱ ነበር፤ ፍዳዬን ያየሁት እሱ ላይ ነው።

ዋናው ጥፋቴ አፈር ላይ ማስተኛቴ ነበር። የጓሯችን አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አሁን አንድ ስንዝር ያህል ቦይ ቆፍሬ ከታች ኮረት ሞላሁ፣ ከላይ ዜሮ ዜሮ የሚሉትን የተፈጨ ጠጠር አለበስኩት። መጀመሪያ ከቦርከና ነበር ጠጠር ያስመጣሁት፤ የወንዝ ጠጠር ድቡልቡል ነውና ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ይንከባለላል። የተፈጨው ግን ጥርስ ለጥርስ ይናከሳል፤ ውሃው በመሃሉ ይሰርጋል እንጂ ይዞት አይሄድም።

ሲሚንቶ አፍስሼ ልገላገል ብዬም ነበር። ያስጣለኝ በጋው ነው። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ በማለዳ ወጥቼ ቁራጮቹን አጥብቄ ገጠምኳቸው። እኩለ ቀን ላይ ብመለስ ቀጥ ያለው መስመር እንደ እባብ ተጣሟል። ሐዲዱ ናስ ነው፤ 8 ሜትሩ በ30 ዲግሪ ልዩነት አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፣ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። አሁን በየማያያዣው የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት እተዋለሁ፤ ሐዲዱም ጠጠሩ ላይ እንደ ልቡ ይፍታታል።

ናሱ ሲጠቁር ደግሞ ኤሌክትሪኩን በደንብ አያሳልፍም። በየሳምንቱ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ሰለቸኝ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ የኋላው ፉርጎ የሞተር ሳይክል ባትሪ ተሸክሟል። ሁለት ኪሎ ስለሚሆን ዳገት ላይ የሎኮሞቲቩ እግር ባዶውን እየዞረ አስቸገረኝና ዳገቱን በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ አደረግኩት። እንደ ሐረጎ የሚጠማዘዝ ቁልቁለት ልሠራ አስቤ ነበር፤ ቀረ።

ሳትነግረኝ የላክልኝን ነገር ልንገርህ? የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ። አባዛው እስቲ፤ አንድ ሜትር ገደማ ይመጣል። የኛው የለገሃሩ! በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ 784 ኪሎ ሜትሩ የጅቡቲ መስመር ባለ አንድ ሜትር ነበር። የጓሮ ባቡር ሠሪዎቹ ጀርመኖች በ1968 እ.ኤ.አ. ይህን ልክ ሲያወጡ ያሰቡት የራሳቸውን ጠባብ ሐዲድ ነው፤ ጓሮዬን የሚዞረው ግን አንተና እኔ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትን ጨርሰን ድሬዳዋ የወረድንበት ባቡር ነው። ጎረቤቴ «የኮምቦልቻውን አዲሱን ባቡር አትሠራም?» ይለኛል። የሱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ልክ 64 ሚሊ ሜትር ይፈልጋልና እኔ ሐዲድ ላይ አይቀመጥም። «ደግሞ እስቲ መጀመሪያ መንገደኛ ሲጭን ልየው» እለዋለሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ፍልፈል ነው። በበልግ ዝናብ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ማታ ቀጥ ብሎ ያደረው መስመር ጠዋት ጉብታ አብቅሎ አገኘዋለሁ። ውሃ ልክ ይዤ እንደገና እንበረከካለሁ። ባለቤቴ «ከፍልፈል ጋር የድንበር ክርክር ገጥሟል» እያለች ታማኛለች። ዳር ዳሩን ጦስኝ የተከለችልኝ ግን እሷ ናት። ዝቅ ብሎ ስለሚያድግ ከባቡሩ ጎን ጫካ ይመስላል፣ አፈሩንም ይይዛል። ችግሩ ሻይ ባፈላች ቁጥር ደኔ ይመነጠራል። መስከረም ላይ አደይ መሃል ሐዲዱ ላይ ይበቅላል፤ መንቀሉ ስለማይሆንልኝ እስኪረግፍ ባቡሩ ይቆማል።

ዘንድሮ ሐምሌ ሎኮሞቲቩ ከዶሮዎቹ ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው።

አሁን ደውል፣ አነሳዋለሁ። ያኔ በስልክ ያሰማሁህ ፊሽካ የልጅ ልጄ አፍ ነበር፤ ከበሩ ኋላ አስቁሜ «ቱ… ቱ…» ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ድምፁ ጎርንኗል፤ ልዋሽህ ብል እንኳ አይሆንም።

ወንድምህ፣
ከደሴ