የአባባ ጎራዴ ግድግዳ ላይ ሊወጣ ነው

ደብረ ማርቆስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምህ? እንዴትስ ባጀህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታችን በዛ። ማን ቀድሞ እንደ ጠፋ አንቆጣጠር። ናፍቀኸኛል፤ ያለ አንተ የማይሆን ጉዳይም ገጥሞኛል።

የአባባን ጎራዴ ታስታውሰዋለህ? ያን ማንም እንዲነካበት የማይወደውን። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ስላለበት፣ በ1967 ዘውዱ ሲወድቅ እማማ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ቆጥ ላይ ሸሸገችው። በ1970 አባባ ካራማራ ሲዋጋ ጎራዴው እዚህ ቆጥ ላይ ነበር። አሁን እህቶቼ ተስማምተው ለእኔ ሰጥተውኛል። የግድግዳ ሰሌዳ እየሠራሁለት ነው።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። አናጺው ለሽታው ብሎ ጽድ ይሻላል ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ዋንዛን መረጥሁ። በደንብ ከደረቀ አይጣመምም፣ ለመላጊያም ይመቻል፣ ቀለሙም ቫርኒሽ ሲነካው ደስ ይላል። ርዝመቱ 120 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 35 ነው። ጠርዙን አልጠረብሁትም፣ ሐረግም አላስገባሁበትም። ዓይን መጀመሪያ ጎራዴው ላይ እንዲያርፍ ነው የምፈልገው።

መስቀያዎቹ ከወይራ የተጠረቡ ናቸው፤ ጫፋቸው ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያለ። የት እንደሚገቡ ለማወቅ ጎራዴውን በጨርቅ ይዤ ሌባ ጣቴ ላይ አጋደምሁት። ሚዛኑን የጠበቀው መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ እጀታው ተጠግቶ ነው፤ ክብደቱ እዚያ ነዋ። ያችን ቦታ ካርቶን ላይ ምልክት አድርጌ፣ መስቀያዎቹን ከእሷ ግራና ቀኝ አደረግኋቸው። ከሰሌዳው ዳርና ዳር ብትለካቸው እኩል አይደሉም። ጎራዴው ሲቀመጥባቸው ግን አይንጋደድም። ብረቱ የሚያርፍበትን ቦታ በከፋይ አለበስሁት። ቪቴ፣ ሽቦ፣ ሚስማር ጎራዴውን አይነካውም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሰሌዳው ተሸካሚ ብቻ ይሁን፤ የቤቱ ሰው በፈለገ ጊዜ ብድግ አድርጎ ያውርደው።

አፎቱን ለብቻው ከታች እሰቅለዋለሁ። የቆዳ አፎት እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳው የተለፋበት ነገርም ብረት ይበላል። እጀታው አጠገብ የጀመረው ዝገት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስለቱ አልተሳለም፤ የሰልፍ ጎራዴ ድሮም አይሳልም። ጫፉ ግን ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ልጆች የማይደርሱበት ከፍታ ላይ ይሆናል።

ጎረቤት ሁሉ በአመድና በሎሚ ፈትገው ይለኛል። ለመዳብ ድስት ይሆን ይሆናል። ይሄ ግን አንበሳው ስለቱ ላይ በአሲድ የወጣ ሥዕል ነው፤ ጥልቀት የለውም። አንዴ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአመድ ከተፈተገ አይመለስም። እኔ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አቧራውን አነሳሁና የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጌ ቀባሁት። በባዶ እጅም አልይዘውም፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ በጣት ምልክት ልክ ያዝጋል።

ቤታችን የጭቃ መሆኑን ታውቃለህ። ጭቃው ብቻውን ይህን ክብደት አይችልም። ግድግዳውን እያንኳኳሁ የባሕር ዛፍ ማገሮቹን አገኘኋቸው፤ ቪቴው እነሱ ውስጥ ይገባል። የማርቆስን ክረምት መቼም አትረሳውም፣ ግድግዳው ላብ ያወጣል። ስለዚህ ከሰሌዳው ጀርባ ትናንሽ እንጨቶች መታሁበት፤ በመሃል የጣት ስፋት ያህል አየር ያልፋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሥሩ ትንሽ የነሐስ ጽሑፍ ይኖራል፤ ጭቅጭቁም የተነሳው እሷ ላይ ነው። አጎቴ «ጠላት የወደቀበት ጎራዴ» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ። የወንድሜ ልጆችም ባዩት ቁጥር «በዚህ ስንት ጣሊያን ገደለ?» ይላሉ። በላይ ዘለቀን እየሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ግን አባባ በ1933 ጣሊያን ሲወጣ ገና ሕፃን ነበር። ጎራዴውን የያዘው በ1950ዎቹ፣ የሕንድ መኮንኖች ከሚያስተምሩበት ከሐረር ጦር አካዳሚ ወጥቶ ነው። ጦር ሜዳ የሄደው በጠመንጃ ነው። ጎራዴው ለሰልፍ፣ ለሰንደቅ ዓላማ፣ ለክብር ነበር።

አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ሰላምታውን እንዴት እንዳሳየን ትዝ ይልሃል? እጀታውን አገጩ ዘንድ አድርሶ ስለቱን ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ ከዚያ በቀኙ በኩል ጫፉን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር አንተም አይተኸዋል። እሱ በዚያ ኮርቶ ከኖረ፣ ያልሠራውን ገድል ለጥፈን ምን እንጨምርለታለን? ደም ያልነካው ጎራዴ ብሎ መጻፍ እኮ አያሳንሰውም። አጎቴን በክብር እንዲህ አልኋቸው። «አንተ ካልህ» ብለው ዝም አሉ፤ ገና በልባቸው አልተስማሙም።

ጽሑፉን እንድትጽፍልኝ የምፈልገው አንተን ነው። ዲማ ጊዮርጊስ የተማርኸውን ቁም ጽሕፈት የመሰለ ፊደል እዚህ አላገኘሁም። ኮምፒውተር ላይ ያለውን አሳይተውኝ ነበር፣ ልቤ አልወደደውም። ማዕረጉን፣ ስሙን፣ አካዳሚውን፣ የተመረቀበትን ዓመት፣ ከሥር «የሥነ ሥርዓት ጎራዴ» የሚለውን ብቻ። ነሐሱ 20 በ7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በዚያው ልክ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ጻፈው። ቀራጩ ወረቀቱን ነሐሱ ላይ ለጥፎ ነው የሚከተለው፤ ቀጫጭን መስመሮችን ትንሽ ወፈር አድርጋቸው።

ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በካርቶን መሃል አድርገህ ወደ ማርቆስ ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ። ብትችል ግን ራስህ ይዘኸው ና። ሰሌዳውን አንተ ሳትመጣ አልሰቅለውም፤ አንዱን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ