የምስጋና መልእክት፦ ለሚጣዬ ለደረሳችሁላት ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው።

ልጄን ሚጣን በሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰንን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። በዚያ ሌሊት መኪና ፍለጋ በባዶ እግር አስፋልት የወጣችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ሐኪም ቤቱ ደጅ ያነጋችሁ ጎረቤቶች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ሌሊቱን ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል፤ ይቅር።

ሚጣዬ አሁን ሳታክክ ታድራለች። ክርኗና ጉልበቷ መታጠፊያ ላይ የነበረው ችፌ ደርቋል። ጠዋት አንሶላዋን ሳነሳ ደም የለበትም። ችፌ ያለበት ልጅ ያሳደገች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች።

ለሐኪሟ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወረፋው እስከ በር ተሰልፎ ሳለ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። የሚጣ ሰውነት የሚቆጣው በወተትና በእንቁላል ፕሮቲን ነው፤ ቅቤውም፣ አይቡም፣ እርጎውም ያው ወተት ነው። «የፍየል ወተት ሞክሩላት» ስትሉን ለነበራችሁ ዘመዶች (ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ) መልሱን ከእሷ አግኝተናል፦ ፕሮቲኑ በጣም ስለሚመሳሰል የላም ወተት የሚያስቆጣቸው አብዛኞቹ ልጆች በፍየሉም ይቆጣሉ። ሥጋውንም ለጊዜው የተውነው እኛ ቤት ሥጋና ቅቤ ተለያይተው ስለማያውቁ ነው። «ታዲያ ምን ትብላ?» ብዬ ሳለቅስባት «አንቺ፣ የጾም ምግብ መሥራት አትችይም እንዴ?» አለችኝ። እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ።

እማሆይ... ስለ እርስዎ ከየት ልጀምር? ስልክ እንደማይነኩ አውቃለሁ፤ የግቢው ልጆች ያነቡልዎታል።

ገና ከሐኪም ቤት እንደተመለስን መጥተው ድስቴን አነሱና አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄ ሸክላ ስንት ዓመት ቅቤ ሲጠጣ ኖሯል፤ ብታጥቢውም አይለቅ» አሉኝ። ወጥተው ሄዱ። ሲመለሱ የራስዎን ድስት፣ ከመነኮሱ ጀምሮ ቅቤ የሚባል ዞሮበት የማያውቀውን፣ ከነማማሰያው በነጠላዎ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «እርስዎስ በምን ይሠራሉ?» ብል «ለአንድ ሆድ ጣሳም ይበቃል» አሉ። ያንን ድስት ዛሬም ከሌላው ዕቃ ጋር አላጥበውም።

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ የሽምብራ ዓሣ፣ አዚፋ... እኔ በየዓመቱ እስኪያልቅ የምቆጥረው የጾም ምግብ በእርስዎ እጅ ለልጄ ድግስ ሆነ። ሱፉን አመስ አድርገው ሲወቅጡ፣ በውኃ በጥብጠው በንጹሕ ጨርቅ ሲያጠሉት፣ ነጩ ሲወርድ ሚጣ አጠገብዎ ተቀምጣ «ወተቴ መጣ!» ስትል ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። በሁዳዴ፣ ያንን 55 ቀን፣ እርስዎ እህል ሳይቀምሱ ከሰዓት በኋላ ድረስ እየዋሉ ለእሷ በጠዋት ይሠሩ ነበር። ጨው እንኳ አይቀምሱም! አንዳንድ ቀን ወጡ ጨው በዝቶበት ሚጣ ውኃ በላይ በላይ ስትጠጣ «ዛሬ ዓይኔ አታለለኝ» ይሉ ነበር። እማሆይ፣ ያ ጨው የበዛበት ምስር ከየትኛውም ወጥ ይጣፍጠኛል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከፋሲካ በኋላ ያለውን ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ 50ው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ግቢው ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፣ በየቤቱ ዶሮና እንቁላል፣ ልጆቹ እጃቸው ላይ አይብ። የጾም ምግብ ከየቤቱ ጠፍቶ እኔ ተስፋ ስቆርጥ የእርስዎ ድስት ከእሳት አልወረደም። «ሕዝቡ ይፍታ፣ እኔና ሚጣ እንቀጥላለን» አሉ። ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ፊት ለፊታችን ያሉት ሐጂያም እንዲሁ። በረመዳን ሳንቡሳ ሲጠብሱ ዘይቱ ገና ሥጋ ሳይነካው የሚጣን የምስር ሳንቡሳ ቀድመው ያወጡና ለብቻው በክዳን ሸፍነው ይልኩላት ነበር። ማንም አልነገራቸውም፤ በራሳቸው አስበውት ነው። አላህ ይጨምርልዎት።

አማቴ «ቅቤ የሌለው ገንፎ ምኑ ገንፎ ነው» ብለው ሲያበቁ ዛሬ መሐሉን በተልባ የሚሞሉት እርሳቸው ናቸው። ባለቤቴ፣ አንተን ቤት ውስጥ አመሰግንሃለሁ።

የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህራን፣ ልጆቹ እርጎ በበሉ ቁጥር እጅ አፋቸውን አስታጥባችሁ ስለምታጫውቷት ክብረት ይስጥልን። («እንዲህ ያለ ልጅ አንይዝም» ብሎ በር የዘጋብንን ቦታ ስሙን አልጠራም፤ እሱ ባይዘጋ እናንተን አናገኝም ነበር።) እድርተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት እህቶች፣ ቅባትና ቫይታሚን ከውጭ የላካችሁልን ዘመዶች፣ በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ብጠራ ስለማይዘለቅ በአንድነት እግዚአብሔር ይስጥልን።

ብዙ እናቶች «ምን ሰጥተሻት ዳነች?» እያላችሁ ትደውላላችሁ። ሐኪሟ ራሷ ዳነች አትልም። የሚያስቆጣትን አወጣንላት፣ ቆዳዋ ዐረፈ፣ ያ ነው። ቅጠል ስለበላች አይደለም፤ ኦቾሎኒም ሰሊጥም ዕፅዋት ናቸው፣ ግን ልጅ የሚጥሉበት ጊዜ አለ። ግብጦ ደግሞ ኦቾሎኒ የማይስማማውን ልጅ ሊያስቆጣው ይችላል። የሱፉም ውኃ ስሙ ወተት ሆነ እንጂ የወተትን ፕሮቲንና ካልሲየም አይተካም፤ ጤፉ ካልሲየም ቢኖረውም ብቻውን አይበቃም። ቫይታሚን ቢ12ን ደግሞ ከዕፅዋት ስለማታገኘው ጠብታ ታዞላት ትወስዳለች፣ ክብደቷና ቁመቷም በየጊዜው ይለካል። ስለዚህ እባካችሁ የልጆቻችሁን ወተት በእኔ ወሬ አትከልክሉ፤ መጀመሪያ ይመርመሩ። ብዙ ልጆች ሲያድጉ የወተቱ ይተዋቸዋል ተብለናል። እንጠብቃለን።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ ወይም ውለታችሁን ከነጭራሹ ያላወቅሁ፣ አትቀየሙኝ። ያኔ ማን ምን እንዳደረገልኝ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ዛሬ ገና እየሰማሁ ነው፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ማን እንደከፈለ ለምሳሌ እስካሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከእናንተ አንዱ ነው።

የሚጣ ልደት ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ኬክ ቤቶች የጾም ኬክ የሚሠሩበት ወቅት ነው። አንዱ ጋጋሪ መምቻውን አጥቦ ሌላው ሳይጀመር በጠዋት የእሷን ሊሠራልን ቃል ገብቷል፣ እሱንም ይባርከው። ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ባዶ እጃችሁን ኑ፤ ብስኩትም ቸኮላትም ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ። እማሆይ በር ላይ ቆመው እንደሚፈትሹ ከወዲሁ ተናግረዋል።