ደብዳቤ ለልጄ፦ ቤልቱን ሳታስቀይር ከሀዋሳ እንዳትወጣ

ልጄ ሰላም ነህ ወይ፣ እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ስደውልልህ ተሳፋሪ ይዣለሁ እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው በቴሌግራም የምጽፍልህ፣ ማታ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። የጎረቤታችን ልጅ ከሻሸመኔ ሀዋሳ ባንተ መኪና ሄዶ ነበር፣ የታይሚንግ ቤልቱ መብራት በርቶ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖታል አለኝ። እውነት ነው? እኔ አዳማ ላይ መለዋወጫ ሸጬ ያሳደግኩህ ልጅ መብራት በፕላስተር ትሸፍናለህ?

ያ መብራት ፒስተኑና ቫልቩ እንዳይጋጩ የሚያስማማቸው ቀበቶ፣ ማለትም ቤልቱ፣ ይቀየር ማለት ነው፣ እንዳንተው ባለ በቶዮታ ፋይፍ ኤል የናፍጣ ሞተር ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው የሚበራው፣ ያንተ ደግሞ ይኸው 400,000 አለፈ። በ300,000ው ጊዜ መኪናው በሰው እጅ ነበር፣ ሰውየው ቤልቱን ይቀይር መብራቱን ብቻ ያጥፋ የሚያውቅ የለም፣ መብራቱ እንደሆነ ቤልቱ ሳይነካም ይጠፋል። ስለዚህ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። ቤልቱን ሳታስቀይር ከሀዋሳ እንዳትወጣ።

እቁብ ይውጣልኝና ትላለህ አውቅሃለሁ፣ ሞተሩ ድምፁ ሰላም ነው ትላለህ። ቤልት ድምፅ የለውም የኔ ጌታ፣ ጠዋት ደህና ተነስቶ ከሰዓት ብጥስ ነው። ሲበጠስ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታዋል፣ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓም በዚያው ቤልት ስለሚዞር ሞተሩ እየሄድክ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ፍሬኑ አንድ ሁለቴ ከረገጥከው በኋላ ይደነድንብሃል፣ መሪውም ይከብዳል። ሰው ጭነህ እኮ ነው!

አባትህ ነፍሱን ይማረውና የሰው መኪና ሲነዳ ይቺው መብራት በራች። ለባለቤቱ ነገረው፣ ደጋግሞ ነገረው፣ ሰውየው እየሰራ ያለ ሞተር አይነካም አለና መብራቷን አስጠፋት። ከዚያ ወለንጪቲን አልፎ ወደ መተሃራ ሲሄድ ተበጠሰ፣ በዚያ ሙቀት ተሳፋሪው ከነልጁ አስፋልት ዳር ወርዶ ቆመ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲወርድ ቫልቮቹን አባትህ በፌስታል ቋጥሮ ቤት ይዞ መጣ፣ ስምንቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፣ አንዳንዱ ጎብጦ ፊቱ ላይ የፒስተን ጥቁር ምልክት ነበረበት፣ እያገላበጠ ሲያያቸው አመሸ እንጂ እራት አልበላም። ወጪውን ከደሞዙ ቆረጡበት። ያን መስከረም ትምህርት ቤት ዘግይተህ የተመዘገብከው ለዚያ ነው፣ እስከዛሬ አልነገርኩህም። የሚቆጨኝ ግን ብሩ አይደለም፣ ያን ያህል መኪና የሚያውቅ ሰው የራሱ መኪና ላይ ሳይቀመጥ መሞቱ ነው። ያንተን ቢያይ በየቀኑ ይወለውልልህ ነበር።

እና ቤልቱን ሳታስቀይር ከሀዋሳ እንዳትወጣ፣ ለኮንትራት ቢጠሩህም እንቢ በል።

ኦርጅናሉን ቤልት እሱን ከሚወጥረው የቴንሽነር ኩሽኔታ ጋር ነገ በጠዋቱ መኪና እልክልሃለሁ፣ መናኸሪያ ተቀበል። ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን ኦይል ሲሎችም ጨምሬልሃለሁ፣ አንዴ ከተከፈተ የእጅ ዋጋው ያው ነው፣ አሮጌው ሲል ዘይት ካፈሰሰበት አዲሱም ቤልት ዕድሜ የለውም። ቤልቱን እንዳያጥፉት። ከገጠሙት በኋላ ከማስነሳታቸው በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩትና ምልክቶቹ መገጣጠማቸውን አንተው በዓይንህ እይ፣ ሻይ ልጠጣ ብለህ እንዳትሄድ።

400,000 ስላለፈ ሞተሩ ይከፈት የሚልህ መካኒክ ካለ ግን አትስማው። ጠዋት ቶሎ ከተነሳ፣ ሰማያዊ ጭስ ከሌለው፣ ዘይት ካልበላ ለምን ይከፈታል? ያን ብር ለዘይት አድርገው፣ በየ5,000ው ከነፊልትሮው ቀይር። ራዲያተሩ ላይም የቧንቧ ውሃ መጨመር አቁም፣ ኩላንት ግዛ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹንም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጨመቅ አድርገህ እያቸው፣ የላላ ወይ የተሰነጠቀ ካለ ንገረኝ፣ እዚህ አለኝ።

ምሳ በሰዓቱ ትበላለህ ወይ ሆዴ? ከስተሃል አሉኝ።

ብር እንዳትልክልኝ፣ እቁብህ ሲወጣ እንነጋገራለን። አሮጌውን ቤልት ግን ከጋራዡ ተቀብለህ በዚያው መኪና ላክልኝ፣ ቀይረናል ብለው ሳይቀይሩ የሚመልሱ አሉ፣ እኔ ራሴ ሳላየው አላምንም።

እናትህ