ለተማሪዎች የምናብ ፓርላማ የመጽሐፍ ኅትመት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጎጃም ተወላጆችና ወዳጆች፣ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችን፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በበጎ ፈቃደኛ መምህራን እየታገዙ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰቡና በካርታ ላይ የሌለች አንዲት የደሴት አገር በፓርላማ ያስተዳድራሉ። አገሪቱን ራሳቸው የፈጠሯት ሲሆን፣ ሦስት ደሴቶች፣ ለረጅም ዘመን በቅኝ ግዛት ሥር የቆየ ሕዝብ፣ ከነጻነት በኋላ የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ለምክር ቤት ተጠሪ የሆነ ጠቅላይ ሚኒስትርና መንግሥትን የሚሞግት ተቃዋሚ ወገን አላት። ይህን ጥሪ የምናቀርበው የዚህች አገር ታሪክ፣ ሕገ መንግሥት፣ ካርታና የምክር ቤት ሥነ ሥርዓት በአንድ መጽሐፍ ታትሞ በፍኖተ ሰላም፣ በቢቸና፣ በሞጣና በዳንግላ ለሚማሩ ልጆችም እንዲደርስ ድጋፋችሁን ለመጠየቅ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 የአገራችን ሥርዓተ መንግሥት ፓርላማዊ መሆኑን ይደነግጋል። ተማሪዎቻችን ይህን ለፈተና ያጠኑታል፤ አንድ ረቂቅ አዋጅ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ለምን እንደሚመራ፣ አናሳው ወገን በድምፅ ከተሸነፈ በኋላ ምን እንደሚቀረው ግን ሠርተው ካላዩት አይገባቸውም። ስለ ራሳችን አገር እንዲከራከሩ ብናደርግ ደግሞ፣ ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ተናጋሪው ከሐሳቡ በፊት በወገኑ ይመዘናል። በደሴቷ ላይ የማንም ዘመድ የለም። የመንግሥትን ወንበር የያዘው ቡድን በቀጣዩ ዙር ወደ ተቃዋሚው ጎን ስለሚዛወር፣ ቀድሞ የደገፈውን በጀት ራሱ የመመርመር ግዴታ ይወድቅበታል። በግጭቱ ምክንያት በክልላችን በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው በቆዩበት በዚህ ዘመን፣ በቃል ተሟግቶ በሰላም ወደ ቤት መመለስን ማስተማር ለነገ የሚባል ሥራ አይመስለንም።

የቅኝ ግዛት ታሪክ ለምን አስፈለገ ብለው የጠየቁን ወላጆች አሉ። ጎጃም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በፋሺስት ወረራ ያየችውን መከራና እነ በላይ ዘለቀ የፈጸሙትን ተጋድሎ ልጆቻችን ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። ነገር ግን ወራሪን በዱር በገደል ታግሎ ማስወጣትና ለትውልዶች በሌላው ሕግ፣ በሌላው ቋንቋና በሌላው የመሬት ድልድል ኖሮ በዚያው ላይ አገር መመሥረት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ሞሪሸስን ለአብነት ብንወስድ፣ ሆላንዶች፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ተፈራርቀውባታል፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1810 ከያዟት በኋላም የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደጸና ቆየ፤ ባርነት ሲቀር ለሸንኮራ አገዳው እርሻ ከህንድ የኮንትራት ሠራተኞች ተጋዙ። እ.ኤ.አ. በ1968 ነጻ ስትወጣ ሕገ መንግሥቷ የምክር ቤቱን ቋንቋ እንግሊዝኛ አድርጎ፣ አባላት በፈረንሳይኛም እንዲናገሩ ፈቀደ፤ አብዛኛው ሕዝብ በቤቱ የሚናገረውን ክሪዮል ግን አላካተተም። የባርቤዶስ ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1639 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ ለረጅም ጊዜ የባለ እርሻዎቹ ምክር ቤት እንጂ የባሪያዎቹ አልነበረም። ፓርላማ መኖሩ ብቻውን ሕዝብ ተወክሏል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት ይከብዳል፤ ተማሪዎቹም የራሳቸውን ደሴት ታሪክ ሲጽፉ የተነሡት ከእነዚህ እውነተኛ ታሪኮች ነው።

ከጉባኤዎቹ አንዱን እንጥቀስ። የቀረበው ረቂቅ አዋጅ ፍርድ ቤቶች በቅኝ ገዥው ቋንቋ መሥራታቸውን እንዲቀጥሉ የሚል ነበር፤ መንግሥትም ሕጎቹ ሁሉ የተጻፉት፣ ዳኞቹም የሠለጠኑት በዚያ ቋንቋ መሆኑን በምክንያትነት አቀረበ። የዓሣ አስጋሪዎቹን ደሴት የምትወክል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ አፈ ጉባኤው ሲፈቅድላት፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ መራጬ ጀልባው በፍርድ ሲወሰድበት የተነበበለትን ቃል አልሰማውም፤ ያልሰማውን ፍርድ እንዴት ይግባኝ ይበል?» ብላ ጠየቀች። የፍትሕ ሚኒስትሩ ለመመለስ ተነሥቶ ወረቀቱን አገላበጠና ረቂቁ ወደ ኮሚቴ እንዲመለስ ራሱ ጠየቀ። ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበ። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ልጅ አያቱ የእድር ጸሐፊ ናቸውና አጻጻፉን የተማረው ከእሳቸው መዝገብ ነው፤ እኛም ይህን በማየታችን ደስ ብሎናል፣ ዳኛ መምረጥና በደንብ መተዳደር በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለምና።

እስካሁን ሥራው የተካሄደው በእጅ በተጻፉና እየተባዙ በደበዘዙ ወረቀቶች ነው። አንዱን ሕገ መንግሥት ለአምስት ተማሪ ስለምናዳርስ፣ አንቀጽ ጠቅሶ የሚከራከር ልጅ ከጎረቤቱ እጅ ወረቀቱን እስኪቀበል መጠበቅ አለበት። የመጽሐፉ ረቂቅ ተጠናቆ በቋንቋና በታሪክ መምህራን ታርሟል። ካገኘናቸው ፕሮፎርማዎች ዝቅተኛው ለ300 ቅጂ 96,000 ብር ሲሆን፣ ጥራቱንም አይተን በዚሁ ለማሳተም ወስነናል። ገንዘቡ ከዚህ ከተረፈ በየከተማው ለሚቋቋሙት ቡድኖች የቃለ ጉባኤ መዝገብና የአዳራሽ ወንበር ይገዛበታል፤ ለአስተባባሪዎች አበልም ሆነ ለመስተንግዶ አንድ ብር አይወጣም።

ድጋፉ በገንዘብ ብቻ እንዲሆን አንጠብቅም። ወረቀት ያላችሁ ነጋዴዎች ወረቀት፣ ወደተጠቀሱት ከተሞች የምትመላለሱ አሽከርካሪዎች መጽሐፉን የማድረስ አገልግሎት፣ ጡረታ የወጣችሁ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች የቅዳሜ ከሰዓት ጊዜያችሁን ብትሰጡን እንደ ወንፈል ሥራውን ተጋግዘን እንጨርሰዋለን። በውጭ የምትኖሩ ደግሞ በአገር ቤት ባለ ቤተሰባችሁ በኩል ብትልኩልን ደረሰኙ በስማችሁ ይቆረጣል።

የባንክ ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሁለት መምህራንና በአንድ የወላጆች ተወካይ ጣምራ ፊርማ ነው። መጽሐፉ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት በተማሪዎች እጅ እንዲገባ ክፍያው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለማተሚያ ቤቱ መፈጸም ስላለበት፣ ልገሳችሁን ከዚያ በፊት እንድታደርሱን በአክብሮት እንጠይቃለን። የገቢና የወጪ ዝርዝሩ ከነደረሰኙ ኅትመቱ እንዳለቀ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ለለገሳችሁም ሁሉ ቅጂው ይላካል።