የታጨደው እህል የት ይድረቅ?

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ በሬዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን፣ በዚሁ ጋዜጣ ገጾችም ላይ፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል አርሶ አደሩ የደረሰ ሰብሉን ፈጥኖ እንዲሰበስብ የሚያሳስቡ መልእክቶች ይተላለፋሉ። ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው ማጭድ ይዞ በዘመቻ ይወጣል፤ በስንት ሄክታር ላይ የነበረ ሰብል እንደ ተሰበሰበም በዜና ይነገራል። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳና በአካባቢው ለብዙ ዓመታት በግብርና ባለሙያነት ያገለገልኩ በመሆኔ ይህ ጥሪ በቅን ልቦና የሚደረግ መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ። ሆኖም ጥሪው ማጭዱ ላይ ስለሚያበቃና በጭቃ ላይ የታጨደው እህል ከዚያ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር ምንም ስለማይል፣ አንባቢያንና የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲያስቡበት በማለት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የእኛ አካባቢ አፈር መረሬ ነው። ይህ ጥቁር ሸክላማ አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ ብዙው ክፍሉ ጤፍና ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ በሚበቅልበት በደጋውና በወይና ደጋው ይገኛል። ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲርስ ደግሞ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ስለሚደፍን፣ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውሃ መስረጊያ አጥቶ ማሳው ላይ ይተኛል። በቀይ አፈር ላይ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ሆኖ የሚያልፈው፣ መረሬ ላይ ሲሆን ለቀናት ሰውም ከብትም የማያሳልፍ ማጥ ይሆናል። በዚህ አፈር ላይ የሚያርስ ገበሬ በጥቅምትና በኅዳር ደመና ባየ ቁጥር የሚጨነቀው በፈሪነት አይደለም።

ሥጋቱም እየተደጋገመ የመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. መኸር የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ በመሞቁ ምሥራቅ አፍሪካ በሙሉ ከባድ ዝናብ ሲወርድበት ከረመ፤ በአገራችንም ዝናቡ ከአንበጣ መንጋ ጋር ተደርቦ አዝመራው ሊገባ ባለበት ሰዓት ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. መኸር ደግሞ ኤልኒኖ ከዚሁ ከውቅያኖሱ መሞቅ ጋር ተዳምሮ በሶማሌ ክልልና በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ብርቱ ጎርፍ አስከተለ።

«ፈጥናችሁ ሰብስቡ» የሚለው ምክር ለሁሉም ሰብል እኩል አይሠራም። ደርሶ የቆመ ስንዴ ዝናብ ሲደጋገምበት ፍሬው እዚያው ዛላው ላይ እንዳለ ማቆጥቆጥ ስለሚጀምር፣ ለስንዴ አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ በእርግጥም ትርፍ ነው። ጤፍ ግን ከዚህ ይለያል። ሳይጋሽብ የቆመ ጤፍ በነፋስና በፀሐይ ቶሎ ይንጠፈጠፋል፤ ታጭዶ እርጥብ መረሬ ላይ ከተነጠፈ ግን ከላይ ቢደርቅም ከታች ከአፈሩ ውሃ ይስባል፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥም ሆዱ ይጠቁራል። የጋሸበውን ጤፍ ቶሎ ማንሳት ግድ ይሆናል፤ ያልጋሸበውን ግን ማንጠፊያ ደረቅ ስፍራ ሳያዘጋጁ በዘመቻ አጭዶ መሬት ላይ መተው፣ ቆሞ ሊተርፍ ይችል የነበረውን እህል ማበላሸት ነው። ባቄላና ምስር ደግሞ ከእርጥበቱ ይልቅ እርጥበቱን ተከትሎ የሚመጣው ድንገተኛ ፀሐይ ቆባቸውን አፈንድቶ ፍሬውን ስለሚያፈሰው፣ ጠዋት በጤዛ ሊታጨዱ ይገባል። ለአርሶ አደሩ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከላይ የሚመጣው መልእክት ሁሉንም ሰብል በአንድ ቃል ሲጠቀልለውና የቀበሌው ሪፖርት የሚለካው በታጨደው ሄክታር ብቻ ሲሆን፣ የገበሬው ዕውቀት ከዘመቻው ኮታ በታች ይውላል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት እንዲሰጠው የምፈልገው ግን የሚከተለው ነው። በጅሩና በእነዋሪ ሰው ከጥንት ጀምሮ መረሬውን አርሶ ሲያበቃ አፈሩን በእጁ እየሳበ ሰፋፊ መደብ ያበጃል፣ በመደቦቹም መካከል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዋል፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም፣ ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ሥራ ነው። በ1970ዎቹ መገባደጃ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከልና የአገራችን የግብርና ተቋማት አንድ ላይ ሆነው ይህንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ፣ ዛሬ ቢቢኤም እየተባለ የሚጠራውን፣ አዘጋጁ። መሣሪያው ውሃውን ስለሚያጠነፍፍ፣ ቀድሞ ክረምቱ እስኪያልፍ ተጠብቆ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይዘራ የነበረው መሬት በሰኔና በሐምሌ መዘራት ቻለ፤ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችም ተጨመሩ። ምርት ጨምሯልና ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የዘር ጊዜው ሲቀድም የአጨዳውም ጊዜ አብሮ ቀድሟል። አባቶቻችን ዘግይተው በመዝራታቸው ያጭዱ የነበረው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበትና ነዶ በሁለት ቀን በሚደርቅበት ወቅት ነበር። ዛሬ ቀድሞ የተዘራው ስንዴ የሚደርሰው ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ ሳይወጣ ነው። አዘራሩን ስናሻሽል አሰባሰቡን በአባቶቻችን ዘመን እንደ ነበረ ትተነዋል፤ ፀሐይና ደረቅ አውድማ እንደ ድሮው ይኖራሉ ብለን አስበናልና።

በእርጥበት የተከመረ እህል ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ጉዳቱን አቅልሎ ሊገምት ይችላል። አንድ ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ አዛውንት ክምራቸውን እንዳይላቸው ጠርተውኝ እጄን እስከ ክርኔ በስንዴው ነዶ መካከል አስገባሁ። ውስጡ ከሰው ገላ የበለጠ ይሞቅ ነበር፤ ነዶውን ስንከፍተው እንፋሎት ወጣ፣ እንደ ጠላ ድፍድፍ የሚኮመጥጥ ሽታም አብሮት መጣ። ዛላዎቹ አረንጓዴ ቡቃያ አውጥተው እርስ በርሳቸው ስለተቆላለፉ ነዶው እንደ ስጋጃ ተያይዞ ነው የተነሳው፤ ከሥር በኩል ነጭ ሻጋታ ለብሷል። አዛውንቱ ማጨዱንማ ጎረቤት በደቦ ወጥቶላቸው በአንድ ቀን እንደ ጨረሱ፣ የቸገራቸው የሚያሰጡበት ቦታ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ክምር ውስጥ ለዱቄት የሚሆነውን ለይተው አወጡ፤ ለዘር ግን አንድም ቁና አልተረፈም። አንዴ ያቆጠቆጠ ስንዴ ተመልሶ አይበቅልም፤ ዱቄቱም ሊጡን ስለሚያላሽቀው ዳቦው አይነሳም። አብዛኛው ገበሬ ለከርሞ የሚዘራውን ከራሱ ጎተራ ስለሚያወጣ፣ የአንድ ኅዳር ዝናብ የሚጎዳው የዘንድሮውን ሌማት ብቻ ሳይሆን የመጪውንም ሐምሌ ዘር ነው።

አውድማውም ሌላ ችግር ነው። አውድማ በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆና ጠንክሮ ነው ነዶ የሚወርድበት፤ ዝናብ ሲደጋገም ልቅላቂው ሳይደርቅ ይፈርሳል። በሬዎቹ ሲያበራዩ ኮቴያቸው አፈሩን እየፈነቀለ ከእህሉ ጋር ይቀላቅለዋል። ጤፍን የሚያህል ደቃቅ ፍሬ አንዴ አፈር ከገባበት በመንሽና በላይዳ የሚጠራ አይደለም፤ ገበያ ሲወጣም ነጋዴው አንድ ጭብጥ አንስቶ፣ በጥርሱ ሰብሮ «እርጥብ ነው፣ አፈር አለው» ሲል ዋጋው እዚያው ይወርዳል። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ ስላለበት እህሉን መልሶ ወደ ቤቱ አይጭነውም፤ በተባለው ዋጋ ይሸጣል።

በጅሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ስለ ሰንጋው ሰምቷል። ያ ሰንጋ የሚደልበው በአብዛኛው በገለባ ነው፤ ገለባው በክምር ውስጥ ከሻገተ ከብቱ አይበላውም፣ ቢበላውም ይታመማል። ስለዚህ በእርጥብ መኸር የሚደርሰው ኪሳራ በኩንታል ብቻ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ለገናና ለፋሲካ ገበያ የታሰበውም በሬ ከሒሳቡ ይወጣል። በጉዳት ግምት ቅጾች ላይ የገለባ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ኮምባይነር ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚሉ አሉ። በአርሲና በባሌ ሜዳዎች ኮምባይነር የስንዴ ገበሬውን ከብዙ ድካም አሳርፎታል፤ እኔም ጥቅሙን አልክድም። ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል ከባድ መኪና እርጥብ መረሬ ላይ ሲወጣ ወይ ይሰምጣል፣ ወይም የጎማው ቦይ መደቡን አፍርሶ አፈሩን ስለሚጠቀጥቀው በሚቀጥለው ክረምት ውሃ የሚተኛው እዚያው ላይ ነው። የተበጣጠሰና ተዳፋት ማሳ ላለው ገበሬ ይበልጥ የሚጠቅመው በአህያ ጋሪ ወይም በትከሻ ሊደርስ የሚችል፣ አምስት ስድስት አባወራ በተራ የሚጠቀምበት አነስተኛ መውቂያ ይመስለኛል። እህሉ ቶሎ ከተወቃ በስስ ተሰጥቶ በጥቂት ሰዓት ፀሐይ ሊደርቅ ይችላል፤ በእርጥብ ወቅት በነዶ እንዳለ ግን በሳምንትም አይደርቅም። ክፍተቱን የሚያጠበው እንግዲህ ከማጨጃው ይልቅ መውቂያው ነው።

ከመውቂያው ጋር ሌሎች ቀላል ነገሮች አሉ፤ የሚያሳዝነኝም ቀላል ሆነው ሳለ አለመደረጋቸው ነው። ነዶው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ቢከመርና ነፋስ ከሥሩ ቢያልፍ፣ ከላይም በሸራ ቢሸፈን፣ አብዛኛው እህል ይተርፋል፤ ሸራው ግን ፀሐይ በወጣ ቁጥር መገለጥ አለበት፣ አለበለዚያ ራሱ ላብ ያጠራቅማል። እህሉ ገና ለጎተራ አለመድረሱን ለማወቅም መለኪያ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ በደንብ መናጥና ለጥቂት ደቂቃዎች ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ጎተራ መግባት የለበትም። ስንዴ ሳይሻግት ከርሞ እንዲቆይ እርጥበቱ ወደ 12 እና 13 በመቶ መውረድ ይኖርበታል። ይህን የጠርሙስ ዘዴ በየገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ትንበያውንም በሚመለከት የምለው አለ። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው መረጃ ለባለሙያ ጥሩ ነው፤ ገበሬው የሚጠይቀው ግን ዛሬ ልጨድ ወይስ ከነገ ወዲያ የሚል ነው። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ለብዙ ገበሬ ምክር ያደረሰ አገልግሎት ስለሆነ፣ በጥቅምትና በኅዳር ለየወረዳው የሦስት ቀን ትንበያ በድምፅ እንዲያደርስ ቢደረግ፣ ምክሩም በሰብልና በአፈር ዓይነት ተለይቶ ቢነገር፣ ገበሬው ደቦውን በየትኛው ቀን እንደሚጠራ ይወስናል።

በአገራችን የተሞከረው የአየር ንብረት ጠቋሚ መድን በአብዛኛው የታሰበው ለድርቅ ነው፤ ዝናብ ሲጎድል ይከፍላል፣ በአጨዳ ሰዓት ዝናብ ሲበዛ ግን አይከፍልም። ለእኛ አካባቢ ገበሬ የሚያሰጋው ሁለተኛው ስለሆነ፣ መድን ሰጪዎች በጥቅምትና በኅዳር ለሚዘንበው ትርፍ ዝናብ የሚከፍል ውል እንዲያዘጋጁ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መለኪያው ያው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ነው፤ የሚለወጠው የሚነበብበት ወርና የሚከፈልበት መጠን ነው።

ለክልልና ለወረዳ ግብርና ኃላፊዎች ደግሞ አንድ የጊዜ ጉዳይ አለኝ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የሸራና የመውቂያ ግዥ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ዝናቡ ከጣለና አቤቱታ ከመጣ በኋላ ስለሆነ፣ ጨረታው ወጥቶ ዕቃው ቀበሌ ሲደርስ ገለባው እንኳ ተነስቶ ያልቃል። ግዥው በሐምሌ ተጀምሮ ዕቃው በመስከረም መጨረሻ በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን እንዲገኝ፣ በቀን ኪራይም ለአባላት እንዲሰጥ ማድረግ አዲስ መመሪያ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የዘንድሮው ግዥ በየወረዳው የት እንደ ደረሰ ዘጋቢዎቻችሁ አሁኑኑ፣ ማሳው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ቢጠይቁልን ለአካባቢያችን ሕዝብ ትልቅ ውለታ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከእነዋሪ