ማህሌት፣ ሳታጣሪ እንዳትፈርሚ

ማሂዬ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። በርበሬውና ሽሮው በአጎትሽ ልጅ እጅ ይደርስሻል። ሽሮውን ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው። እንዳምናው ምድጃ አጠገብ አስቀምጠሽ እንዳታስነቅዢው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስታገቢ ስምሽን በእጮኛሽ ስም ልትቀይሪ መሆኑን ከእናትሽ ሰማሁ። የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ነው፤ የምታለቅሰው በምን እንደሆነ እንዳይታወቅባት መሰለኝ። «ማህሌት ዋሽንግተን ልትባል ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነድቼ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ከተማውን ልታገባው! ከዚያ ግን ሳቄ ጠፋ።

ልጁን እወደዋለሁ። ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ በልቷል፤ ሲያጎርሱትም አይግደረደርም። የምጽፍልሽ ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ወረቀቱ ነው። ጋብቻ ፈቃዱ ማመልከቻ ላይ ከጋብቻ በኋላ የምትጠሪበትን ስም የሚጠይቅ መስመር አለ አሉ። እዚያ መስመር ላይ ሳታጣሪ እንዳትፈርሚ።

በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አብሯት ይሄዳል። እናትሽ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራ እስከ ዛሬ የምትጠራው በአባቷ ነው። እንግሊዞቹ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ግን እነሱም ድሮ እንደኛው ነበሩ። ዊልያም የጆን ልጅ ይባላል፤ የዊልያም ልጅ ደግሞ በዊልያም ይጠራል፤ አለቀ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ከገቡ ወዲህ ነው ባለመሬቱ ርስቱን ለልጁ ሲያወርስ ስሙንም አብሮ ማውረስ የጀመረው። ከዚያ ልማዱ ቀስ እያለ ወደ ተራው ሰው ወረደ። ሚስትም የባሏን ስም መያዟ ከዚያው ከእነሱ ወግ የመጣ ነው።

ታክሲውን ካቆምኩ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት አዘወትራለሁ፤ ታውቂያለሽ። የዚህን ስም ነገር ፈልፍዬ አወጣሁት። ዋሽንግተን መጀመሪያ የሰው ስም አልነበረም። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ደርሃም በሚባለው አካባቢ ያለ መንደር ነው። ትርጉሙም የሁዋሳ ሰፈር እንደ ማለት ነው፤ ሁዋሳ የሚባል ሰው ነበረ ማለት ነው። ከእኛው ሐዋሳ ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ክው ብዬ ነበር።

በ1180ዎቹ ገደማ ዊልያም የሚባል አንድ ባላባት፣ የኸርትበርን ሰው፣ የራሱን መሬት ለደርሃም ጳጳስ ሰጥቶ በልዋጩ ያንን መንደር ወሰደ። መሬቱን ሲቀይር ስሙንም ቀየረ። የኸርትበርኑ ዊልያም የዋሽንግተኑ ዊልያም ሆነ። አየሽ፣ ስሙ ራሱ የተጀመረው ስም በቀየረ ሰው ነው! ይህን ያነበብኩ ቀን እናትሽን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነገርኳት። «ተኛ» አለችኝ።

ከዘሩ አንዱ፣ ላውረንስ የሚባል የሱፍ ነጋዴ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ የኖርዛምፕተን ከንቲባ ሆነ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ዘግቶ መሬታቸውን ሲሸጥ፣ በ1539 ሰልግሬቭ ላይ ርስት ገዛ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል። ከዚያ የልጅ ልጅ ልጆቹ ዘመን ደረሰና አንዱ፣ እሱም ላውረንስ የሚባል፣ ቄስ ሆነ። እንግሊዞች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ በ1643፣ «ጠላ ቤት ያዘወትራል» ተብሎ ከደብሩ ተባረረ። በእኛ ደብር እንደዚያ ቢባል ስንቱ ይቀር ነበር? እናትሽ እንዳታነበው።

የዚህ ቄስ ልጅ ጆን ርስት አልቀረለትም። ትንባሆ የምትጭን መርከብ ላይ ተቀጥሮ ወደ ቨርጂኒያ መጣ። በ1657 ትንባሆ ጭነው ሊመለሱ ሲሉ መርከቧ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ደለል ያዛት። መርከቧን እንደ ምንም አወጧት፤ ጆን ግን ቀረ። እዚያው አገባ፣ መሬት ያዘ፣ ባሪያም ያዘ። ይኸውልሽ፣ ያ ፖቶማክ እኔ በቀን አራትና አምስት ጊዜ እሻገረው የነበረው ወንዝ ነው። እኔም እኮ ሁለት ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነበር የመጣሁት።

የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የዚህ የጆን የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ከአብራኩ የወጣ ልጅ ግን የለውም። በ1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን ግቢው ውስጥ 317 ሰዎች በባርነት ነበሩ። የእሱ የሆኑት 123ቱ ነጻ እንዲወጡ ተናዟል። ያንን ግቢ አንቺ በትምህርት ቤት ጉብኝት አይተሽዋል። እኔ ስንት ቱሪስት እንዳደረስኩ አላውቅም። ሲጎበኙ እየጠበቅሁ፣ በዛፎቹ መሃል ወደ ባሪያዎቹ መቃብር እወርድ ነበር። ከላይ የተቆረጠ የሚመስል ግራጫ ዓምድ አለ። ደረጃዎቹ ላይ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር ተብሎ ተጽፏል። በየመቃብሩ ላይ ግን ስም ያለበት ድንጋይ የለም። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ፣ የነዳሁበትን ሒሳብ ሳልቀበል ደንበኛዬ በሌላ ታክሲ ሄደብኝ።

አሁን የእጮኛሽ ወገን ታሪክ እዚህ ላይ ይገባል። በ2000 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚባሉት ሰዎች 163,036 ነበሩ። ከመቶው ዘጠናው ጥቁሮች ናቸው። ሁሉም ጆርጅ ግቢ የነበሩ ሰዎች ዘር እንዳይመስልሽ። ባርነት ሲቀር ብዙው ሰው ለወረቀት ስም ተጠየቀና የመረጠውን መረጠ። በባርነት ተወልዶ ትልቅ አስተማሪ የሆነውን ቡከር ዋሽንግተንን ትምህርት ቤት ተምረሽዋል። ልጅ ሳለ ክፍል ገብቶ ስም ሲጠራ፣ ሌላው ሁሉ ሁለት ስም ሲኖረው እሱ አንድ ብቻ ነበረው። ተራው ሲደርስ «ቡከር ዋሽንግተን» ብሎ ቁጭ አለ። እናቱ ሌላ ስም አውጥታለት እንደነበር የሰማው በኋላ ነው። እዚህች ላይ ቆሜ ለብዙ ጊዜ ማንበብ አቃተኝ።

ሃሪ የሚባልም ነበረ። ጋምቢያ አካባቢ እንደተወለደ ይነገራል። ጆርጅ ዋሽንግተን ገዝቶት ነበር፤ በ1776 አምልጦ ከጌታው ጋር ወደሚዋጉት እንግሊዞች ገባ። በ1783 ወደ ካናዳ፣ በ1792 ደግሞ ወደ ሴራሊዮን በመርከብ ተሻገረ። ያ የእንግሊዝ መንደር ስም ባሕር ሁለቴ ተሻግሮ አፍሪካ ገባልሽ። ሃሪ እዚያም አላረፈም፤ በ1800 በገዢዎቹ ላይ ካመፁት አንዱ ሆነ።

ስለዚህ ስሙ ቀላል ስም አይደለም። ንቄው እንዳይመስልሽ። ሳታጣሪ እንዳትፈርሚ ያልኩሽ ግን በሌላ ምክንያት ነው። በአፌ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ።

በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ከእናቴ ወንድም ከጋሽ በላቸው ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግብ ሰውዬ ነበር። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለነበር ድንጋይ ደግፈውበታል። «አባትህ ማነው?» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ ጋሽ በላቸው «ልጄ ነው» አለ። ብቻዬን ብመዘገብ እንዳንለያይ ብሎ ነው፤ ነፍሱን ይማር፣ ክፋት አልነበረውም። ሰውዬው ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። ያቺ ፊርማ አሜሪካ ድረስ ተከተለችኝ። ዜግነት ስወስድ ቅጹ ስምህን መቀየር ትፈልጋለህ ወይ ይላል። ያን ቀን ማስተካከል እችል ነበር። ለሥራ ስለቸኮልኩ «አልፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ።

አያትሽ ጎንደር ቴሌ ድረስ በእግሩ መጥቶ ስልክ ሲያናግረኝ «ልጅህ ማን ተባለች?» አለኝ። «ማህሌት» አልኩት። «ማህሌት ማን?» አለ። ስሜን ጠራሁና በእሱ ስም «ተሰማ» ብዬ ጨረስኩለት። ሳቁ በስልኩ ሲሰማኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ መዋዕለ ሕፃናት ስትጨርሺ፣ ያቺን ሰማያዊ ቆብ ያደረግሽበትን ፎቶና ሰርተፊኬትሽን ላክሁለት። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ? ፈረንጅኛው አይነበብም ብዬ። የመንደሩ አስተማሪ አነበበለት። «በላቸው» ይላል። አያትሽ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ስለ ስም አንድም ቀን አላነሳብኝም። ስለ በሬው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቱ ብቻ ያወራኝ ነበር።

እና አሁን የምትጥዪው ስም ራሱ የእኔ ስህተት ነው። «አባቴን ልትተይው ነው» ብዬ ልቆጣሽ አልችልም፤ መጀመሪያ የተውኩት እኔ ነኝ። እንዳትፈርሚ ግን እላለሁ። ማለቴ፣ አጣርተሽ ፈርሚ።

የልጁ አያት ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው አይደል? በልጅነታቸው ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ በባቡር የመጡት እሳቸው ናቸው። ስሙ ወደ ቤታቸው በማን በኩል እንደገባ ጠይቂያቸው። ሂጂና አጠገባቸው ቁጭ በዪ፤ በስልክ አይሆንም። ድምፃቸውን ቅጂ። ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፤ ጨው እንዳይበሉ ስለተከለከሉ ድፎ ዳቦ ሳይሆን ፍራፍሬ ውሰጂ። ይህን ሳታደርጊ እንዳትፈርሚ።

ደግሞ ቅጹ ላይ የመካከለኛ ስም ቦታ ካለ ተመልከቺ። የእኔን ስም ከዚያ አንስተሽ የአያትሽን ብትጽፊ ቅር አይለኝም። ተሰማ በእንግሊዝኛ ስትጽፊው ኤስ ሁለት ነው። እምቢ ካልሽም መብትሽ ነው፤ አልቆጣም። ትንሽ እቆጣለሁ።

ለጫጉላው የአውሮፕላን ትኬቱን ፓስፖርትሽ ላይ ባለው ስም ቁረጪ፤ በአዲሱ ቆርጠሽ ኤርፖርት ላይ እንዳትቀሪ። ስሙን ከቀየርሽ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ሂጂ፣ መንጃ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ነው። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጪ፤ ኮፒ ስጪ።

እሁድ ደውዪልኝ። ከቅዳሴ በኋላ ይሁን፣ እናትሽ ቡና እያፈላች እያለ። ስትደውዪ ስምሽን ሙሉውን ጥሪልኝ፤ የትኛውም ይሁን፣ ልስማው።

አባትሽ