የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከግቢያችን ችግኝ እስከ ሐይቅ ውኃ

የክበባችን መደበኛ ተግባራት በመዝገባችን ላይ ስለሰፈሩ እዚህ ብዙ አልዘረዝራቸውም። ስብሰባዎች በወቅታቸው ተካሂደዋል፤ የግቢ ጽዳቱም አልተቋረጠም፤ ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ችግኞች በአጥሩ በኩል ያሉት ግን በበጋው የውኃ እጥረት ደርቀዋል። ይልቁንም በመምህራን ማረፊያ ክፍል «የሽርሽር ክበብ» የሚል ስም ያሰጠንን የጥር ወር ጉዞ በሚገባ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ሐይቅ የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ ዓሣውን የቀመሰ፣ በዳርቻው የዋኘ ወይም ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለመ ከመካከላችን ብዙ ነው። ተማሪዎቻችን ግን ጥያቄ ይዘው ነበር የሄዱት፦ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደውን ወንዝ የሚቀበል፣ በገጸ ምድር ግን መውጫ የሌለው ሐይቅ ለምን ጨዋማ አልሆነም? ተመራማሪዎች ውኃ ከመሬት በታችም ወደ ሐይቁ እንደሚገባና ጨውንም ይዞ ከሐይቁ እንደሚወጣ ይገልጻሉ። የውኃው መጥራትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ውኃው የወረደ መለኪያ ሰሌዳ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታይ እንደነበር ተመዝግቧል፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከተለቀቀበት በኋላ በተደረገ ልኬት ግን እይታው 2 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኝቷል። ዓሣው አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ ተክል መሰል ሕያዋን) የሚመገቡትን ጥቃቅን እንስሳት መብላቱና አልጌው በዝቶ ውኃውን ማደፍረሱ እንደ አንድ ምክንያት ይጠቀሳል።

እኛም ሰሌዳችንን ከቀለም ባልዲ ክዳን ሠርተን፣ ጥቁርና ነጭ ቀብተን፣ ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ ቋጥረን ሄድን። የሕይወት አድን ጃኬት ስለሌለን ግን ተማሪ በጀልባ አላሳፈርሁም፤ ሰሌዳውን ያወረደልን አንድ ዓሣ አጥማጅ ሲሆን ልጆቹ ከዳር ሆነው ቋጠሮ ሲቆጥርላቸው እየሰሙ ጻፉ።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የአካባቢው ወጣቶች እየዋኙ ሳለ አንዱ «እዚህ ጋ ከሥር ምንጭ አለ፤ እግርን ያንቀጠቅጣል» አለን። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ አንድም ቃል ተናግራ የማታውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ቴርሞሜትሩን በገመድ አስራ ሰጠችውና በዚያም ቦታ፣ ከዚያ ራቅ ብሎም በተመሳሳይ ጥልቀት እንዲያወርድላት ጠየቀችው። እውነትም ልጁ ያሳየን ቦታ ይቀዘቅዝ ነበር። ጓደኞቿ «ምንጭ ተገኘ» ብለው ሊያጨበጭቡ ሲሉ እርሷ ግን በሠንጠረዡ ላይ «ቀዝቃዛ ውኃ፤ ምክንያቱ አልተረጋገጠም» ብላ ጻፈች። ዋናተኛው ቅር ብሎት «እኔ እኮ እዚሁ ስዋኝ ነው ያደግሁት» ቢላት፣ «አላመንኩህም አላልኩም፤ በሌላ ወር ደግሜ መለካት አለብኝ» ስትል መለሰችለት። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ጥንቃቄ ስፈልገው ስንት ዓመቴ ነው! አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት ሐይቅ ዳር ይህን በማየቴ ደስታዬ እጥፍ ነበር።

በሌላ ወር የተባለው ልኬት ግን አልተካሄደም። ለጥር ወሩ ጉዞ የሚኒባሱን ኪራይ የሸፈኑት ወላጆች ሲሆኑ፣ ለሁለተኛው ሴሚስተር ጉዞ መጓጓዣ ማግኘት አልቻልንም። ቤተ ሙከራችን ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ገና ስላልተሟላ ቴርሞሜትሩም ያለን አንድ ብቻ ነው። የስፖርት ክበብ አዲስ ማሊያ በመልበሱ ቅር አልሰኝም፤ ይሁን እንጂ የአንድ ማሊያ ዋጋ ብዙ ሜትር ገመድ እንደሚገዛ የበጀት ኮሚቴው ቢያስብበት መልካም ነው።

ለመጪው ጥቅምት ላቀድነው ጉዞ የመኪና ኪራይ፣ ተጨማሪ ቴርሞሜትሮችና በተለይም የሕይወት አድን ጃኬቶች ያስፈልጉናል። መርዳት የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በኩል እስከ መስከረም አጋማሽ ቢያሳውቁን ጃኬቶቹን በየልጆቹ ልክ ለመግዛት ጊዜ ይኖረናል።